ኬንት፦ በጀልባ ጉዳይ ተመርጦ የአረጋውያን ሂሳብ የቀረበለት ካውንስል

ሜይ 1፣ 2025 በእንግሊዝ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ በምትገኘው ኬንት የካውንቲ ምክር ቤት ምርጫ ነበር። (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) 81 መቀመጫ ለውድድር ቀረበ። የናይጄል ፋራጅ ፓርቲ ሪፎርም ዩኬ 57ቱን ጠቅልሎ ወሰደ። ሊበራል ዴሞክራቶች 12 አገኙ። ኮንሰርቫቲቭ 5፣ ግሪን 5፣ ሌበር 2። ኮንሰርቫቲቮች ከ1997 ጀምሮ ኬንትን ያለማቋረጥ ሲያስተዳድሩ ኖረዋል፣ ባለፈው ምክር ቤትም ከ60 በላይ መቀመጫ ነበራቸው። ከ2019 ጀምሮ ካውንስሉን የመሩት ሮጀር ጎፍ እንኳ የራሳቸውን መቀመጫ አጡ። ሪፎርም ደግሞ ከአራት ዓመት በፊት በተደረገው ምርጫ ኬንት ውስጥ አንድም ሰው አላስመረጠም ነበር።

ስለዚህ ምርጫ ብዙ ተብሏል። አብዛኛው ወሬ ግን ስለ ፋራጅና ስለ ቀጣዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበር። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ሰው ድምፁን የሰጠበት ጉዳይና ካውንስሉ በየቀኑ የሚሠራው ሥራ ጨርሶ አልተገናኙም። ከምርጫው በኋላ የመጣው ጣጣ ሁሉ፣ የግብሩም፣ የደብዳቤውም፣ የቪዲዮውም፣ ከዚህ ክፍተት የወጣ ይመስለኛል። እንግሊዝ ውስጥ የምንኖር ሰዎች ደግሞ ጉዳዩ በቀጥታ ይነካናል፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ ላይ እመጣበታለሁ።

በመጀመሪያ ብዙ ሰው የማያስታውሰውን ልንገራችሁ። ይህ ምርጫ በዚያን ቀን ጭራሽ ላይደረግ ይችል ነበር። በ2024 መጨረሻ የሌበር መንግሥት የእንግሊዝን የአካባቢ አስተዳደር እንደ አዲስ እንደሚያዋቅር አስታወቀ። አሁን በብዙ ቦታ ሁለት እርከን አለ። ላይ ካውንቲ፣ ከሥሩ ዲስትሪክት። በኛ አገር ዞንና ወረዳ ብላችሁ አስቡት። ኬንት ከሥሩ 12 ዲስትሪክቶች አሉት፣ ጎኑ ያለው ሜድዌይ ደግሞ ለብቻው የቆመ ካውንስል ነው። ሲደመር 14 ካውንስል። መንግሥት ይህን ሁሉ አጥፍቶ ጥቂት ትልልቅ ካውንስሎች መተካት ፈለገ። በመጀመሪያው ዙር ለውጡን ለመጀመር ፈቃደኛ የሆነ ካውንቲ ምርጫው እንዲተላለፍለት መጠየቅ ይችላል ተባለ። ኬንት ጠየቀ። በፌብሩዋሪ 2025 ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር አንጄላ ሬይነር ዝርዝሩን ይፋ ሲያደርጉ ኤሴክስ፣ ኖርፎክ፣ ሰፎክ፣ ሃምፕሻየር፣ ሰሪ እና ሌሎችም ምርጫቸው ተላለፈላቸው። ኬንት አልገባም።

ጥያቄው ተቀባይነት ቢያገኝ ኖሮ ጎፍና ፓርቲያቸው ቢያንስ አንድ ዓመት ይጨምሩ ነበር። ያ አልሆነም። ከዚያ የከፋው ደግሞ ምርጫው እንዲተላለፍ መጠየቃቸው ራሱ ለሪፎርም ጥሩ መቀስቀሻ መሆኑ ነው። "ፈርተው ነው፣ ከሕዝብ ሊደበቁ ነው" ማለት ቀላል ሆነ። በእኔ እምነት ምርጫ ላራዝም ብሎ የጠየቀና የተከለከለ ገዢ ወገን ዘመቻውን የሚጀምረው ከወዲሁ ተሸንፎ ነው።

ሰዉ ምን ላይ ነው ድምፅ የሰጠው?

የኬንትን ካርታ አይታችሁ ከሆነ ዶቨር ከፈረንሳይ ጋር ፊት ለፊት ናት። በትናንሽ ጀልባ በመካከል ያለውን ባሕር (ቻናሉን) የሚሻገር ስደተኛ መጀመሪያ የሚረግጠው የኬንትን መሬት ነው። ጀልባዎቹ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ እየበዙ ሲመጡ በለንደን ለሚኖር ሰው የቴሌቪዥን ዜና ነበሩ። ለዶቨርና ለፎክስተን ሰው ግን የከተማው ጉዳይ ነው። ኮንሰርቫቲቮች "ጀልባዎቹን እናቆማለን" አሉ፣ አልቆሙም። ሌበር በጁላይ 2024 ሥልጣን ያዘ፣ ያኔም አልቆሙም።

በዚያው የጁላይ 2024 ጠቅላላ ምርጫ ሌበር ሜድዌይን ጨምሮ ካሉት 18 የኬንት የፓርላማ መቀመጫዎች 11ዱን አሸንፎ ነበር። ዶቨርም፣ ፎክስተንም፣ አሽፈርድም፣ ምሥራቅ ታኔትም። ዓመት ሳይሞላ በካውንቲው ምርጫ 2 መቀመጫ ብቻ ቀረው። በመካከል ብዙዎቹ ጡረተኞች የክረምት ማሞቂያ ድጎማቸውን አጡ፣ ኑሮ ውድ እንደሆነ ቀጠለ፣ የጤና አገልግሎቱ ወረፋም ያው ነው። ሰው ሁለቱንም ትልልቅ ፓርቲዎች ሞክሮ ሁለቱም ላይ ተናደደ። ይህ ንዴት የተፈጠረ ወይም የተጋነነ አይደለም፤ አቅልለው ያዩት ሰዎች አሁንም አልገባቸውም ብዬ አምናለሁ።

በአገር ደረጃ በዚያን ቀን ሪፎርም 677 የምክር ቤት መቀመጫ ሰበሰበ፣ አሥር ካውንስሎችንም በአብላጫ ያዘ። ከአሥሩ በገንዘብም በሕዝብ ብዛትም ከትልልቆቹ አንዱ ኬንት ነው፣ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰው ይኖርበታል። ኮንሰርቫቲቭ በመላ አገሪቱ ከ670 በላይ መቀመጫ አጣ።

አንድ ነገር ግን እንዳይረሳ። በእንግሊዝ በየምርጫ ክልሉ ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል፣ አለቀ። ግማሽ ማግኘት አይጠበቅበትም። በኬንት ሪፎርም ያገኘው ከተሰጠው ድምፅ ከ40 በመቶ በታች ነው፣ ድምፅ የሰጠው ሰው ራሱ ደግሞ ከመራጩ ግማሽ አይሞላም። በዚያ ድምፅ ከመቀመጫው 70 በመቶ አገኙ። ሕጉ ስለሚለው ሕጋዊ ነው፤ ኮንሰርቫቲቮችም ለዓመታት በዚሁ ሕግ ተጠቅመዋል። ግን "ኬንት በሙሉ ሪፎርም ሆነ" የሚለው አነጋገር ትክክል አይደለም።

ካውንስሉ ምን ይሠራል?

ዋናው እዚህ ነው። የካውንቲ ካውንስል ድንበር አይጠብቅም። ጀልባ አያስቆምም። ጥገኝነት አይሰጥም፣ አይከለክልም። ስደተኛን ሆቴል የሚያስገባው የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው። የካውንስል ቤት የሚያድለውም ዲስትሪክቱ እንጂ ካውንቲው አይደለም።

ካውንቲው የሚሠራው ሌላ ነው። ራሳቸውን መርዳት ያቃታቸውን አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ይንከባከባል። ወላጅ የሌላቸውን ወይም ከቤታቸው የተወሰዱ ልጆችን ያሳድጋል። ልዩ ድጋፍ ለሚያስፈልጋቸው ተማሪዎች ትምህርት ቤት ያመቻቻል፣ ትምህርት ቤቱ ሩቅ ከሆነም በታክሲና በሚኒባስ ያመላልሳቸዋል። 8,700 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ይጠግናል። ቤተ መጻሕፍት አለው፣ ቆሻሻ ያስወግዳል። ገንዘቡን የሚበሉት ከላይ የጠቀስኳቸው ሁለቱ ናቸው፤ አዋቂዎችን መንከባከብና ልጆችን መንከባከብ። ሁለቱም በፓርላማ ሕግ የታዘዙ ናቸው። ካውንስሉ "ዘንድሮ ገንዘብ የለኝም" ብሎ ሊተዋቸው አይችልም።

ኮንሰርቫቲቮቹ ይህን ያውቁ ነበር። በኖቬምበር 2022 ጎፍ ከሃምፕሻየር መሪ ጋር ሆነው ለራሳቸው ፓርቲ ጠቅላይ ሚኒስትር ለሪሺ ሱናክ ደብዳቤ ጽፈዋል። መልእክቱ እርዳታ ካልመጣ ሁለታችንም ልንከስር እንችላለን የሚል ነው። ኬንትና ሃምፕሻየር ሀብታም የሚባሉ፣ ለዘመናት ኮንሰርቫቲቭን የመረጡ አካባቢዎች ናቸው። እነሱ ይህን ካሉ ሌላው እንዴት እንደሆነ መገመት አይከብድም። የኬንት ዕዳ ብቻ በመቶ ሚሊዮኖች ፓውንድ የሚቆጠር ነበር።

ስደትን በተመለከተ ካውንቲው አንድ ከባድ ግዴታ አለበት፣ እሱም ብቻቸውን የመጡ ሕፃናት ናቸው። በ1989ኙ የሕፃናት ሕግ መሠረት ያለ ወላጅ የመጣ ልጅ የደረሰበት ቦታ ካውንስል ኃላፊነት አለበት። ጀልባዎቹ ዶቨር ስለሚደርሱ ዕጣው ኬንት ላይ ይወድቃል። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ከኤርትራ፣ ከሱዳን፣ ከአፍጋኒስታን የመጡ ናቸው፤ ከኢትዮጵያም አሉ። ኬንት በ2021 "አቅሜ አልቋል" ብሎ አዳዲስ ልጆችን መቀበል ሲያቆም የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ልጆቹን ሆቴል ውስጥ አስቀመጣቸው። በጃንዋሪ 2023 መንግሥት ከሆቴሎቹ የወጡ 200 ልጆች እንደጠፉና እንዳልተገኙ በፓርላማ አመነ። ሁለት መቶ ልጅ! በጁላይ 2023 የለንደኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሁለቱንም ጥፋተኛ አደረገ። ኬንት ልጆቹን አልቀበልም ማለቱ ሕገ ወጥ ነው፣ መሥሪያ ቤቱም ሆቴልን ቋሚ ማረፊያ ማድረጉ ሕገ ወጥ ነው አለ። እንግዲህ ሜድስቶን ከተማ ያለው የኬንት ምክር ቤት ስለ ጀልባ ምንም ቢያስብ፣ ልጁ ከባሕር ሲወጣ ተቀብሎ የማሳደግ ግዴታ አለበት። ምርጫ ይህን አይቀይረውም።

"ብክነቱን እናገኘዋለን"

ሪፎርም ካውንስሉን ሲረከብ መሪ ሆነው የተመረጡት ሊንደን ኬምካራን ናቸው። የቀድሞ የቢቢሲ ጋዜጠኛ ናቸው፣ በ2019 ለፓርላማ በኮንሰርቫቲቭ ስም ተወዳድረው ያውቃሉ። ከ57ቱ አብዛኞቹ ግን ምክር ቤት ተቀምጠው አያውቁም። ይህን እንደ ነውር አላነሳውም። አዲስ ሰው መግባቱ ጥሩ ነው። ነገር ግን ቢሊዮን ፓውንድ የሚያንቀሳቅስ ድርጅት በአንድ ሌሊት መረከብ ከባድ ነው፣ በተለይ በዘመቻው ወቅት ችግሩ ሁሉ ብክነት ነው ተብሎ ከተነገረ።

በጁን 2025 መጀመሪያ ሪፎርም የኢሎን መስክን የአሜሪካ የወጪ ቅነሳ ዘመቻ ስም (ዶጅ) ተውሶ አንድ ቡድን ወደ ኬንት ላከ። ሊቀ መንበሩ ዚያ ዩሱፍ፣ የሶፍትዌርና የመረጃ ባለሙያዎች ነን የሚሉ በጎ ፈቃደኞች። መዝገቡን ከፍተን ሌብነቱንና ብክነቱን እናወጣለን አሉ። ወዲያው ጥያቄ ተነሣ። የነዋሪዎች የግል መረጃ ያለበትን መዝገብ ለፓርቲ ሰዎች መክፈት የመረጃ ጥበቃ ሕጉ ይፈቅዳል ወይ? ይህ ሳይመለስ ዩሱፍ በዚያው ሳምንት ከሊቀ መንበርነቱ ለቀቁ፣ በቀናት ውስጥም ተመልሰው የቁጠባውን ሥራ ያዙ። ኬንትም የራሱን የቁጠባ ክፍል አቋቋመ።

በጁላይ ኬምካራን ወደ 40 ሚሊዮን ፓውንድ ማዳናቸውን ተናገሩ። ከዚህ 32 ሚሊዮኑ የካውንስሉን ሕንፃዎች ከካርቦን ነፃ ለማድረግ የታሰበ ዕቅድ መሠረዝ ነው። 7.5 ሚሊዮኑ ደግሞ መኪናዎችን ወደ ኤሌክትሪክ መቀየሩን ማስቀረት። ተቃዋሚዎች በ32ቱ ሚሊዮን ላይ አጥብቀው ተከራከሩ፣ ገና ያልተፈቀደና በጀት ያልተያዘለት ዕቅድ መሠረዝ ቁጠባ አይባልም አሉ። እኔ በዚህ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነኝ። አረጋውያንን ለመንከባከብ ዘንድሮ የሚከፈል ደሞዝ ወደፊት ሊተከል ከታሰበ የፀሐይ ኃይል አይወጣም። ሁለቱ የተለያየ ኪስ ናቸው።

ሌሎች አርዕስተ ዜናዎችም ነበሩ፣ ስለ ባንዲራ፣ ስለ አየር ንብረት አዋጅ፣ በቤተ መጻሕፍት ስለተቀመጡ መጻሕፍት። አልዘረዝራቸውም። በጀቱን ንቅንቅ አላደረጉትም።

ደብዳቤው

ከዚህ ጉዳይ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይህን እመርጣለሁ።

በሜይ 2025፣ ምርጫው ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት፣ የኪር ስታርመር መንግሥት የስደት ፖሊሲውን አጠበቀ። ከውጤቶቹ አንዱ የኬር ወርከር (የእንክብካቤ ሠራተኛ) ቪዛ ነው። ከጁላይ 22፣ 2025 ጀምሮ ከውጭ አገር አዲስ ኬር ወርከር በዚህ ቪዛ ማስመጣት ቀረ። ከሩቅ ሲታይ ሪፎርም የሚፈልገው ነገር ነው፤ ፓርቲው ራሱ ስደት ይቀንስ እያለ ነው ድምፅ ያገኘው።

ግን ኬንትን አሁን የሚያስተዳድሩት እነሱ ናቸው። የአረጋውያን እንክብካቤ ሥራቸው ነው። በኬንት በዚህ ሙያ ከተሰማሩት ሠራተኞች እስከ ሩብ የሚደርሱት ከውጭ የመጡ ናቸው። ኬምካራንና የአዋቂዎች እንክብካቤ ኃላፊዋ ዳያን ሞርተን ለመንግሥት ደብዳቤ ጻፉ። የቪዛው ለውጥ ከአሠሪዎች የኢንሹራንስ ክፍያ ጭማሪ ጋር ተደምሮ እንክብካቤ ሰጪዎቹን ገደል አፋፍ ላይ ሊያደርሳቸው ይችላል ብለው አስጠነቀቁ።

ፓርቲያቸው ላይ ሳቅና ትችት ወረደ። ነገሩ ግን አያስቅም። በእኔ አስተያየት ይህ ደብዳቤ ከምርጫው በኋላ ከወጡት ሰነዶች ሁሉ ሐቀኛው ነው። ሰዎቹ ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ የቀረበላቸው የሥራ ዝርዝር በየመንደሩ አንዲት አሮጊትን ጠዋት ማን ያነሳታል፣ ማን ያጥባታል፣ ማን መድኃኒቷን ይሰጣታል የሚል ነው። የሚያነሳት ሰው ከዚምባብዌ፣ ከናይጄሪያ፣ ከሕንድ፣ ከኛም አገር የመጣ ነው። ይህን ሥራ የሚሠሩ ሐበሾች በየከተማው እናውቃለን፣ በሌሊት ፈረቃ ከርመው ጠዋት በአውቶቡስ የሚመለሱ። በዘመቻው ወቅት እነዚህ ሰዎች "ቁጥር" ነበሩ። በጀቱ ላይ ሲመጡ ከነሱ ውጭ ሥራው አይሠራም።

ሞርተን በኦክቶበር ለፋይናንሻል ታይምስ ሲናገሩ ጉዳዩ ይበልጥ ግልጽ ሆነ። አገልግሎቱ እስከ አጥንቱ ተቆርጧል፣ የእርዳታ ፈላጊው ቁጥር እየጨመረ ነው፣ ካውንስል ታክሱም፣ ማለትም ነዋሪው በቤቱ እርከን ለካውንስሉ የሚከፍለው ግብር፣ 5 በመቶ ሊጨምር ይችላል አሉ። ጎፍ በ2022 ለሱናክ ከጻፉት ጋር ብታስተያዩት ልዩነቱ ትንሽ ነው።

ቪዲዮው

ኦክቶበር 18፣ 2025 ጋርዲያን ጋዜጣ አንድ ቪዲዮ አወጣ። የሪፎርም ካውንስለሮች በኢንተርኔት ያደረጉት የውስጥ ስብሰባ ነው፣ አንድ ሰው ከውስጥ ቀድቶ ያሾለከው። የተጣሉት ስለዚያው ስለ አካባቢ አስተዳደሩ መልሶ ማዋቀር ነው። መሪዋ ትልልቅ ውሳኔ ላይ ሁሉም ባይወደውም እኔ እወስናለሁ፣ እናንተ ደግሞ ዋጥ አድርጋችሁ መቀበል አለባችሁ አሉ፣ በመሐል ስድብ ጨምረው። ቅሬታ ያነሳ አባልን ድምፁን እዘጋዋለሁ ብለውም አስጠነቀቁ።

ሰዉ የያዘው ስድቡን ነው። እኔ ግን ሌላ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆሜያለሁ። ኬምካራን እዚያው ስብሰባ ላይ ኬንት የፓርቲው ማሳያ መስኮት መሆኑን፣ ታክሱን እስከ ጣሪያው ሳይጨምሩ ቢቀሩ ሪፎርም ትልቅ ነገር ማስተዳደር እንደሚችል ጥሩ ማስረጃ እንደሚሆን ተናግረዋል። በዚህ አስተሳሰብ ውስጥ የታክሱ መጠን የሚለካው ለፓርቲው በሚሰጠው ገጽታ ነው። የኬንት ሰው ምን ያህል ይችላል፣ እንክብካቤው ምን ያህል ይጠይቃል የሚለው ሁለተኛ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ፈጣን ነበር። ቪዲዮውን ያሾለከው ሰው ፍለጋ ተጀመረ። በቀናት ውስጥ አራት አባላት ታገዱ፣ ወሩ ሳያልቅ በርከት ያሉት ከፓርቲው ተባረሩ። ከዚያ ቀደም አንዲት አባል ፋራጅ ቀድሞ ይመሩት ወደነበረው ፓርቲ ወደ ዩኪፕ ሄዳ ነበር። 57 የነበረው ቡድን በስድስት ወር ውስጥ ወደ 50 ገደማ ወረደ። አብላጫ ለመያዝ 41 ይበቃል፣ ስለዚህ ሥልጣኑ አልተነካም። የተባረሩት ግን ከምክር ቤቱ አይወጡም። እዚያው ተቀምጠው ያለ ፓርቲ፣ በግላቸው ድምፅ ይሰጣሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ለጋዜጠኛ ይናገራሉ።

ለኬንት ይህ አዲስ ታሪክ አይደለም። በ2013 ፋራጅ ይመሩት የነበረው ዩኪፕ በዚሁ ካውንቲ ምክር ቤት 17 መቀመጫ አግኝቶ ዋና ተቃዋሚ ሆኖ ነበር። በ2017 አንድም አልቀረለትም። በ2015 ደግሞ በታኔት፣ ማለትም ማርጌትና ራምስጌት ባሉበት ዲስትሪክት፣ ከ56 መቀመጫ 33ቱን አሸንፎ በአገሪቱ የመጀመሪያውን ካውንስል በአብላጫ ያዘ። የማንስተንን አውሮፕላን ማረፊያ እናስከፍታለን ብለው ነበር የተመረጡት። ማስከፈት እንደማይችሉ ሲታወቅ ቡድኑ ተሰነጠቀ። ኦክቶበር ላይ አምስት አባላት ለቀው አብላጫው ጠፋ፣ በ2018 መሪው ሥልጣን ለቀቁ። እዚያም የተመረጡበት ጉዳይ በካውንስሉ እጅ አልነበረም። ሪፎርም ይህን የራሱን መሪ ታሪክ አጥንቶ መምጣት ነበረበት ብዬ አስባለሁ። ሪፎርም ከዩኪፕ የሚለየው በመቀመጫ ብዛት ነው። በ57 መቀመጫ የሚከሰት መሰንጠቅ ካውንስሉን ላይጥል ይችላል።

ሂሳቡ

በፌብሩዋሪ 2026 በጀቱ ጸደቀ። ካውንስል ታክስ 3.99 በመቶ ጨመረ። የኬንት ካውንቲ ድርሻ በመካከለኛው የቤት እርከን 1,690 ፓውንድ ገደማ ነበር፣ ስለዚህ ጭማሪው በዓመት 67 ፓውንድ አካባቢ ነው። ሕጉ ያለ ሕዝበ ውሳኔ የሚፈቅደው ጣሪያ 4.99 ነው፣ ኮንሰርቫቲቮቹ ከዓመት በፊት የጨመሩትም ይህንኑ ነበር። ሪፎርሞች ከጣሪያው አንድ ነጥብ ዝቅ አሉ። ይህን ልክዳቸው አልፈልግም፣ ብዙ ካውንስሎች ጣሪያውን ነክተዋል።

ነገር ግን በዘመቻው ጊዜ በየቤቱ የገባው ወረቀት ታክስ እንቀንሳለን ይል ነበር። ያቺ አንድ ነጥብ ደግሞ ለካውንስሉ በግምት 10 ሚሊዮን ፓውንድ ማለት ናት። ዘንድሮ ያልተሰበሰበ ገንዘብ በሚመጣው ዓመት መነሻውንም ዝቅ ያደርገዋል፣ ምክንያቱም የሚቀጥለው ጭማሪ የሚሰላው ከዘንድሮው ላይ ነው። የእንክብካቤው ወጪ ግን ዝቅ አይልም። የዚህ ውጤት በአንድ ዓመት አይታይም፤ በሁለትና በሦስት ዓመት ግን ይታያል።

እኛስ?

ብዙ ሐበሻ "እኔ ፖለቲካቸው ውስጥ የለሁበትም" ይላል። ካውንስል ታክስ ትከፍላለህ? ልጅህ ልዩ ድጋፍ ይፈልጋል? እናትህ ታማ እቤት የሚመጣ ሰው ያስፈልጋታል? እንግዲያው አለህበት።

ማን መምረጥ እንደሚችል ብዙ ሰው ስለሚያምታታው ልጨምር። በእንግሊዝ የአካባቢ ምርጫ ላይ የብሪታንያና የአየርላንድ ዜጎች፣ ፈቃድ ያላቸው የኮመንዌልዝ (በአብዛኛው የቀድሞ የብሪታንያ ግዛቶች ማኅበር) አገር ዜጎችና የተወሰኑ የአውሮፓ አገራት ዜጎች ይመርጣሉ። ኢትዮጵያም ኤርትራም ኮመንዌልዝ ውስጥ የሉም። ስለዚህ ከኬንያ ወይም ከናይጄሪያ የመጣ ጎረቤትህ በቪዛ እያለ ሲመርጥ አንተ ቋሚ መኖሪያ ይዘህ፣ አሥር ዓመት ታክስ ከፍለህ፣ ዜግነቱን ካልወሰድክ አትመርጥም። በስኮትላንድና በዌልስ ግን በሕጋዊ መንገድ የሚኖር የውጭ ዜጋ የአካባቢ ምርጫ ላይ መሳተፍ ይችላል። ይህ ልዩነት በጣም ያናድደኛል፣ በተለይ የኬንትን አረጋውያን የሚንከባከቡት፣ ዜግነት ያልወሰዱ የኛ አገር ሰዎች ስለ ሥራቸው በሚወስነው ምርጫ ላይ ድምፅ የሌላቸው መሆኑ። ዜግነት የወሰዳችሁ ደግሞ መመዝገብ ብቻ አይበቃም፣ ከ2023 ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ ፎቶ ያለበት መታወቂያ ሳይዙ በአካል ድምፅ መስጠት የለም። ፓስፖርት ወይም መንጃ ፈቃድ ያገለግላል። ሁለቱም ከሌላችሁ በነፃ የሚሰጥ የመራጭ ካርድ ከምርጫው በፊት ማውጣት ይቻላል።

ሌላው ደግሞ ጊዜው አጭር መሆኑ ነው። ካውንስሎቹ ስለ አዲሱ አወቃቀር ያላቸውን ሐሳብ በኖቬምበር 2025 ለመንግሥት አስገብተዋል። ኬንት ካውንቲ ሁሉንም ጠቅልሎ አንድ ትልቅ ካውንስል እንዲሆን ጠየቀ፣ ዲስትሪክቶቹና ሜድዌይ በሦስትም በአራትም በሌላም ይከፈል አሉ። በመንግሥት የጊዜ ሰሌዳ መሠረት ለአዲሶቹ ካውንስሎች በሜይ 2027 ምርጫ ተደርጎ በኤፕሪል 2028 ሥራ ይጀምራሉ ተብሎ ይጠበቃል። ያን ቀን የኬንት ካውንቲ ካውንስል ከነ 81 መቀመጫው ይፈርሳል። አረጋውያኑ፣ ከዶቨር የሚመጡት ልጆች፣ የትምህርት ቤት ታክሲዎቹ፣ የመንገዱ ጉድጓድና ዕዳው ለተተኪዎቹ ይተላለፋሉ።